ከአክሱም እስከ ደብረ ዳሞ፤ ዘንዶውና ጀግናው ስለተጻፉባቸው መጻሕፍት

በብዙ ሰው ቤት ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ይገኛል። አንደኛው የነገሥታትና የጀግኖች ትውልድ ከወዴት እንደ መጣ የሚናገር ነው። ሁለተኛው በቆዳ ተሰፍቶ ባንገት የሚንጠለጠል የአስማት ክታብ ነው። ሦስተኛው ልጆች ከተማሪ ቤት ይዘውት የሚመጡት የታሪክ መጽሐፍ ነው። አንድ አባት በነዚህ በሦስቱ መካከል ቆሞ ሳለ ልጁ «ከነዚህ እውነተኛው ማናቸው ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ብሎ ይመልስለታል? ይህ ጥያቄ በራሳችን ቤት ስለ ደረሰብን፤ መልሱንም በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ ስላገኘነው፤ ያየነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ለመጻፍ ወደድን።

ጉዞው የተደረገው በኅዳር ወር በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ያ አገር ብዙ መከራ አይቷል፤ ስለዚህ የምንነግረው ሁሉ በዚያን ጊዜ እንዳየነው መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ዓመተ ምሕረቱም የአውሮፓ ነው ካላልን በቀር በኛ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። በነሐሴ ወር በ2010 ዓ.ም. ታናሺቱ ልጃችን፤ ገና የአራት ዓመት ሕፃን፤ በብርቱ ትኩሳት ታመመች። እናታችን ከኛው ጋራ ይኖራሉና፤ ካንገታቸው ተለይቶ የማያውቀውን ክታብ አውጥተው በሕፃኒቱ አንገት አሰሩት። ባለቤታችን «ሐኪም ቤት እንውሰዳት» ብትል፤ እኛ እናታችንን ላለማስቀየም ብለን «እስኪ እስከ ነገ እንይ» አልን። ነገም ሌላ ነገን ወለደ፤ እንዲሁም ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን ሕፃኒቱ ትንፋሽ ቢያጥራት ይዘናት ሮጥን። ሐኪሙም «የሳንባ ምች ነው፤ እጅግ ዘግይታችኋል» አለን። አስታማሚዪቱም መድኃኒት ለመስጠት ስትሰናዳ ክታቡን ፈትታ ሰጠችን፤ እኛም በኪሳችን ከተትነው። ልጂቱ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ድካም ባሥራ አንደኛው ቀን ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በዚያን ቀን ግን በቤታችን የተናገርነውን እስከ ዛሬ እናፍርበታለን። እናታችንን በልጆች ፊት «ይህ ብራና ልጄን ሊገድልብኝ ነበር» አልናቸው። ጥፋቱ የኛም እንደ ነበረ፤ እስከ ነገ እንይ ያልነው እኛው እንደ ሆንን፤ አንድ ቃል አልተናገርንም። እርሳቸውም ምንም አልመለሱም። ነገር ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ለልጆቹ ተረት መናገር ተዉ። ከእራት በኋላ ልጆቹ ከበዋቸው «እምዬ፤ የዘንዶውን ይንገሩን» ሲሏቸው፤ «አባታችሁ ይንገራችሁ፤ እርሱ የተማረ ነው» ይሉ ነበር። በቤታችን ማታው ጸጥ አለ። እናታችን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕፃኒቱ ብትድን ለአክሱም ጽዮን የተሳሉት ስእለት ስለ ነበረባቸው፤ «ለኅዳር ጽዮን አድርሰኝ» አሉን። ስለዚህ እናታችንን፤ ባለቤታችንን፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ወንድ ልጃችንንና ሕፃኒቱን ይዘን በአይሮፕላን ወደ አክሱም ሄድን።

እኛ በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመን፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ነን። ሥራችንም በፍርድ ቤት የምስክር ቃል መጻፍ ነው። ከዚህ የተነሣ ነገርን ሁሉ «ማን አየ? መቼ ተጻፈ?» ብሎ መመርመር ልማድ ሆኖብናል። ልጃችንም ይህን ልማድ ከኛ ወርሷል። በአክሱም ሐውልቶች ሥር ቆመን ሳለ አንድ ሽማግሌ ቀርበው፤ ይህን ሁሉ ድንጋይ ያቆመው የታቦተ ጽዮን ኃይል እንደ ሆነ ነገሩት። ልጁም ወደኛ ዘወር ብሎ «አባባ፤ ይህ እውነት ነውን?» አለ። እኛም እንደ ቢሯችን ልማድ ፈጥነን «ተረት ነው» አልነው። እናታችን ይህን ሰምተው ፊታቸውን ወደ ሌላ መለሱ።

ስለ ሐውልቶቹ የሚታወቀውን እንናገር። ከሁሉ የሚበልጠው ወድቆ የተሰባበረው ነው፤ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ሲሆን፤ ክብደቱ ከ500 ቶን ይበልጣል ተብሎ ይገመታል። መሬት የቈፈሩ ሊቃውንት ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ጥቂት ቆይቶ ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። ሁለተኛው 24 ሜትር ያህል የሚሆነው ነው፤ ይህንን ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ወስደውት ነበር። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሟል። ከጥንት ጀምሮ ሳይወድቅ ቆሞ የቈየውም ከዚሁ አጠገብ ነው። በድንጋዩ ላይ በርና መስኮት፤ የግንድ ጫፍ የሚመስልም ነገር ተቀርጾበታል፤ እንደ ፎቅ ቤት ሆኖ ይታያል። ከሥራቸውም መቃብር አለ።

በማግሥቱ ድንጋዩ ወደ ተፈለጠበት ስፍራ ሄድን። ከከተማው ወደ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎበድራ የሚባል ኰረብታ አለ። በዚያ በድንጋዩ ላይ በተርታ የተቈፈሩ የሽብልቅ ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ፤ ጠራቢዎቹ ሊፈልጡት ጀምረው የተዉት ድንጋይም አለ። ልጃችን ጣቱን በየጉድጓዱ እየከተተ ቈጠራቸው። በዚያው ኰረብታ ላይ ሦስት ሜትር ያህል የምትሆን እንስት አንበሳ በአለት ላይ ተቀርጻ ትገኛለች። የአገሩ ሰው ስለርሷ ሲናገር፤ ቅዱስ ሚካኤል ከክፉ አንበሳ ጋራ ታግሎ ወርውሮ ከአለቱ ቢያላትማት መልኳ በድንጋዩ ታትሞ ቀረ ይላል።

ልጁ አሁንም ጠየቀ። እኛ ግን በዚህ ጊዜ ፈጥነን አልመለስንም፤ ምክንያቱም የሽብልቁ ጉድጓድና አንበሳይቱ በአንድ ኰረብታ መሆናቸው አሳሰበን። ድንጋዩን የፈለጡት ሰዎች ስማቸውን አልጻፉም። አንበሳይቱን የቀረጸው እጅም ስሙን አልተወም። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጣ እረኛ ይህን የመሰለ ሥራ አይቶ ባለቤቱን ቢፈልግ አላገኘም። ባለቤት የሌለውን ትልቅ ሥራ እጁ ከሰው እጅ ለሚበልጠው ሰጠው። ይህ ውሸት ለመናገር ብሎ የተናገረው አይደለም፤ ያየውን ነገር ታላቅነት በሚያውቀው ሚዛን መዘነው እንጂ። ለልጃችንም እንዲሁ አልነው። እርሱም ጥቂት አስቦ «እንግዲያ ስሙ የጠፋው ጠራቢ ነዋ ጀግናው» አለ።

ከማይ ሹም ኵሬ በላይ ወደ ንጉሥ ካሌብና ወደ ገብረ መስቀል መቃብር በሚወስደው መንገድ፤ በትንሽ ጐጆ ውስጥ የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ቆሟል። በግሪክ፤ በግዕዝና በሳባ ፊደል የተጻፈ ነው። ገበሬዎች ያገኙት በቅርብ ዘመን ነው። የተጻፈውም በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ፤ ግዕዙ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያለው ቅጥያ ገና አልወጣለትምና፤ ዳዊት የደገመ ሰው እንኳ ፊደሉን እያወቀው ንባቡ ይቸግረዋል። በዚህ ጽሑፍ ላይ ድንጋዩን የሚያፈርስና ከቦታው የሚያነሣ ሰው ከነዘሩ እንዲነቀል የተጻፈ እርግማን አለ። ወደ ሙዚየም ሳይወሰድ ባለበት ጐጆ የተሠራለት እርግማኑ ተፈርቶ ነው ብለው የአገሩ ሰዎች ነገሩን። በመጽሐፍ የሚነገረው አስማት በሥራ ላይ ሲውል ያየነው ያን ጊዜ ነው፤ ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ ቃል ዛሬም ድንጋይ ይጠብቃል።

ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት በዚያ አለ። ኢዛና በመጀመሪያ ባስጻፋቸው ድንጋዮች ራሱን የማሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል። ማሕረም የአክሱም ሰዎች ከክርስትና በፊት ያመልኩት የጦርነት አምላክ ነው፤ በግሪኩ ጽሑፍም አሬስ ተብሏል። ኋላ ባስጻፈው በሌላው ድንጋይ ግን የማሕረም ልጅነቱን ተወ። ድል ያደረገው በሰማይ አምላክ ኃይል እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሕዝቡንም ሳይበድል በጽድቅና በርትዕ እንደሚገዛ ይገባል። ገንዘቡም ይህንኑ ይመሰክራል፤ በፊት የጨረቃና የክብ ምልክት የነበረበት ወርቅ ኋላ መስቀል ተቀረጸበት። እንግዲህ የጀግናውን ትውልድ የለወጠው ከርሱ በኋላ የመጣ ተራች አይደለም። ራሱ ንጉሡ በሕይወቱ ሳለ፤ ሊሆን የሚወደውን ሰው ባወቀ ጊዜ፤ የልደቱን ነገር አረመ።

ማታ በማደሪያችን ክብረ ነገሥትን ለልጁ አነበብንለት። መጽሐፉ 117 ምዕራፍ አለው። በመጨረሻው ላይ እንደ ተጻፈው፤ ይስሐቅ የተባለ የአክሱም ሰው ከባልንጀሮቹ ጋራ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰው። ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ሰሎሞን ከነበረበት ዘመን ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ አልፏል። በከተማው ዳር የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት እየተባለ የሚጐበኘው የዱንጉር ፍርስራሽም እንዲሁ ነው፤ ሊቃውንቱ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ነው ይሉታል። ከሰሎሞን ዘመን ጋራ 1500 ዓመት ያህል ይራራቃል። እንዲህ ያለ ምስክር ከዳኛ ፊት ቢቀርብ «በቦታው አልነበርህም» ተብሎ ይመለሳል።

ነገር ግን ምስክሩ በሌላ ነገር ሊታመን ይችላል። መጽሐፉ በግዕዝ የተጻፈው ይኩኖ አምላክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1270 ከነገሠ በኋላ ነው። የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚለው መንግሥት ገና አዲስ ነበረ። ስለዚህ መጽሐፉ ስለ ሰሎሞን ዘመን ሲናገር፤ ስለራሱ ዘመን ሰዎች ይመሰክራል። ምን ዓይነት ንጉሥ ይፈልጉ እንደ ነበር ይነግረናል። ልጃችን ከሁሉ የወደደው በይነ ልሕክም የተባለው ቀዳማዊ ምኒልክ በአሥራ ሁለት ዓመቱ «አባቴ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀበትን ስፍራ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱም የአባቱን ቀለበት ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ወረደ። አባቱ ንጉሥ ሆኖ ሳለ በዚያው እንዲቀር ቢለምነው፤ ወደ እናቱ አገር መመለስን መረጠ። ልጁም «እኔም አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» ብሎ በዚያ ሌሊት ብዙ ጊዜ ሳይተኛ ቈየ።

የመጽሐፍ ኃይል በዚህ ብቻ አይወሰንም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት አንዱ ክብረ ነገሥት ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ጽፈው፤ ያለዚህ መጽሐፍ የአገሬ ሰው አይታዘዝልኝም ብለው ለመኑ፤ መጽሐፉም ተመለሰላቸው። የጦር መሣሪያ ሳይሆን ብራና እንዲመለስ የለመኑ ንጉሥ የሚያነቡትን ያውቁ ነበር።

ሰሎሞን በዚህ መጽሐፍ ጠቢብና የነገሥታት አባት ነው። በደብተሮች እጅ ባለው መርበብተ ሰሎሞን ግን እርሱው ራሱ አጋንንትን በመረብ እንደ ዓሣ የሚያጠምድ ሆኖ ይገኛል። ያው አንድ ጀግና በአንዱ መጽሐፍ መንግሥት ይመሠርታል፤ በሌላው የታመመ ሰው ይጠብቃል። ይህን ስናስብ በሻንጣችን ያለው ክታብ ትዝ አለን። ከነሐሴ ጀምሮ ከኪስ ወደ መሳቢያ፤ ከመሳቢያም ወደ ሻንጣ አዛወርነው እንጂ ከፍተን አላየነውም ነበር።

ኅዳር 21 ቀን የጽዮን በዓል ከብሮ ዋለ። እናታችን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተሠራው፤ ሴቶች በሚገቡበት ቤተ ክርስቲያን ጸልየው፤ የተሳሉትን ጃንጥላ አግብተው፤ ሕፃኒቱን አስባርከው ወጡ። ስእለታቸው ሲፈጸም ፊታቸው በራ፤ ከኛ ጋራ ግን እንደ እንግዳ በትሕትና ብቻ ይነጋገሩ ነበር።

በማግሥቱ በአድዋ አልፈን ወደ አዲግራት በሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ዳሞ ሄድን። በመኪና ውስጥ ልጁ የዘንዶውን ነገር አነሣ። በቤታችን ግድግዳ በሸራ ላይ የተሣለ በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ሥዕል አለ፤ አርዌ የተባለው ዘንዶ አገሩን ሲገዛ፤ ሰውም ሲገብርለት፤ አንጋቦ የተባለው ሰው መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ሲገድለው፤ ሕዝቡም ሲያነግሠው፤ ልጁ ማክዳም ከርሱ በኋላ ስትነግሥ ያሳያል። ሊትማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ባሳተመው የአክሱም ሰዎች ታሪክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ሰው ሁሉ የበኵር ሴት ልጁን ለዘንዶው ይሰጥ ነበር። እትየ አዜብ የተባለች ልጅ ተራዋ ደርሶ ከዛፍ ታሰረች። ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳሉ እንባዋ ቢንጠባጠብባቸው ቀና ብለው አዩአት፤ ዘንዶውንም በመስቀል ገደሉት። ከደሙ ጥቂት ተረከዟ ላይ ቢነካ እግሯ እንደ አህያ ሰኰና ሆነ፤ የነገሠችውም እርሷ ናት። እግሯም የዳነው ከሰሎሞን ደጅ ስትደርስ ነው።

ሁለቱ ምስክሮች አይስማሙም። አንደኛው ገዳዩ ብልህ ሰው ነው ይላል፤ ሁለተኛው ቅዱሳን ናቸው ይላል። በአንደኛው የነገሠው ገዳዩ ነው፤ በሁለተኛው የዳነችው ልጅ ናት። በፍርድ ቤት ቢሆን ሁለቱም ይወድቁ ነበር። የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ንጉሥ ከመኖሩ በፊት ፍርሃት ይገዛ ነበር፤ ሕዝቡም ከቤቱ እያወጣ ይመግበው ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሩታዊት ነገርም፤ በግሪኮች ዘንድ ፔርሴዎስ ከባሕር አውሬ ስላዳናት ልጅ የሚነገረውም፤ ከዚሁ ይጀምራል። ጀግና የሚወለደው ወላጆች ለልጃቸው ከፈሩበት ስፍራ ነው።

ደብረ ዳሞ ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው 15 ሜትር ያህል በጠፍር ገመድ ነው፤ ሴቶችም አይወጡም። ስለዚህ እናታችን፤ ባለቤታችንና ሕፃኒቱ ከሥር ከዛፍ ጥላ ተቀመጡ። ልንለያቸው ስንል እናታችን «ያን ክታብ ጣልኸው?» አሉን። እንዳልጣልነው፤ ከሻንጣችን እንዳለ ነገርናቸው። «እንግዲያውስ አንብብልኝ፤ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም፤ ደብተራው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም» አሉ።

ቆዳውን ፈትተን ብራናውን ዘረጋን። በላይ ዓይናቸውን ያፈጠጡ መላእክት ተሥለውበታል። ጽሑፉ የሱስንዮስ ጸሎት ነው። እኛም ወደ አማርኛ እየመለስን ነገርናቸው፤ ሱስንዮስ የተባለ ሰው ልጅ ተወለደለት፤ ውርዝልያ የምትባል ክፉ መጥታ ሕፃኑን ገደለችበት። ሚስቱ ስታለቅስ ሰምቶ ጦሩን በቀኝ እጁ ይዞ ፍለጋዋን ተከተለ። ካለችበት ደርሶ ወጋት፤ እርሷም ስሙ ወደሚጠራበት ቤት እንዳትቀርብ በመላእክት ስም ማለች። በየመካከሉም የእናታችን የክርስትና ስም ተጽፏል። ልጃችን አፉን ከፍቶ ሲሰማ ቈይቶ፤ «ይህማ የዘንዶው ታሪክ ነው!» አለ።

ብራናው ረጅም ስለ ነበረ ልጁ ጫፉን ይዞ ተነሣ። እናታችን ከተቀመጡበት ቆመው ጫፉን ከራሳቸው ላይ አደረጉት፤ ሌላው ጫፍ ልክ ከተረከዛቸው ደረሰ። «በክር ለክቶኝ ነው የጻፈው» አሉ። «ካንተ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ። ሐኪም ቤት ሁለት ቀን መንገድ ነበረ፤ ያውም በቅሎ ለነበረው። እኔ በቅሎ አልነበረኝም። ሌላ ምን ነበረኝ? አንተን ይዤ ሳለሁ ይህን አሠራሁ፤ አንተም ኖርህ። ለልጅህ ያሰርሁላት ከዚህ የሚበልጥ ነገር ስለሌለኝ ነው» አሉ።

ሁለቱ ወንድሞቻችን እንደ ሞቱ እናውቅ ነበር፤ ክታቡ የነርሱ ኀዘን መሆኑን ግን አናውቅም ነበር። ጉልበታቸውን ስመን ይቅርታ ለመንን። ሦስቱን ቀን ያዘገየነው እኛ እንደ ሆንን፤ ሚስታችን እውነት እንደ ተናገረች፤ በልጆቹ ፊት የበደልነውን በልጆቹ ፊት ተናገርን። ባለቤታችን ብራናውን ጠቅልላ በናታችን አንገት መልሳ አሰረችው። እናታችንም ሕፃኒቱን በጭናቸው ይዘው ለባለቤታችን «ከእንግዲህ ሰውነቷ የተኰሰ እንደ ሆነ አንቺ ይዘሻት ሂጂ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እጸልያለሁ» አሏት።

ከዚህ በኋላ ከልጁ ጋራ ወጣን። መነኰሳቱ ወገባችንን በጠፍር አስረው ከላይ ይስባሉ፤ እግራችንም የገደሉን ፊት ይረግጣል። የአምባው ነገር ሲነገር፤ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ መውጫ ቢያጡ፤ መልአክ በሰይፍ እየጠበቀው ታላቅ ዘንዶ አውጥቷቸዋል ይባላል። በአክሱም ሕዝብ የገበረለት ዘንዶ በዚህ አገልጋይ ሆነ። ከላይ ደርሰን እጃችን እየተንቀጠቀጠ ሳለ፤ ልጁ ወደ ታች የተንጠለጠለውን ገመድ ተመልክቶ፤ «አባባ፤ እውነት ነውን?» አላለም። «ገመዱ ጅራት ይመስላል። መጀመሪያ የተናገረው በዚህ የወጣ ሰው ነው፤ እጅግም ፈርቶ ነበር» አለ። እኛም በሥራችን ብዙ ምስክር ጠይቀናል፤ እንደዚህ ያለ ጥሩ ምርመራ ግን ጥቂት ጊዜ ሰምተናል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህ መንገድ ያገኘነው ምክር አጭር ነው። የታመመ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጸሎቱም ከርሱ ጋራ ይሂድ እንጂ በርሱ ፈንታ ቤት አይቀመጥ። ፍርሃትን እየጨመረ ገንዘብ የሚጠይቅ ጠንቋይ የዘንዶው ግብር ሰብሳቢ ነውና ከደጃችሁ መልሱት። የጀግኖችን ልደት የሚናገር መጽሐፍ ግን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ማን እንደ ጻፈው፤ መቼ እንደ ጻፈው፤ ምን ፈርቶና ምን ተመኝቶ እንደ ጻፈው አብራችሁ ጠይቁ። «ተረት ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ በሩን ስንዘጋ ግን ከውጭ የሚቀረው ማን እንደ ሆነ እንወቅ።

በዚያ ማታ በአዲግራት አደርን። ከእራት በኋላ ሕፃኒቱ እንደ ልማዷ «እምዬ፤ የዘንዶውን» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ጥቂት ቈዩና ጀመሩ። ዘንዶው ሲተነፍስ ሣር እንደሚደርቅ፤ አንጋቦ በሩቅ አገር እንደ ሰማ፤ ፍየሏንም መርዝ አብልቶ እንደ ሰደዳት ነገሯቸው።

ልጃችንም «ፍየሏን ግን ማን ሰጠው?» አለ።

«የታሰረችው ልጅ እናት ናታ» አሉ፤ «ሌላ ማን ይሰጠዋል?»

ይህ ካነበብናቸው መጻሕፍት ባንዱም አይገኝም። መብራቱን ወደኛ አስጠግተን በማስታወሻችን ጻፍነው።